ያደረ ውሃ

ኮምቦልቻ ውስጥ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው እግሩን ደረጃው ላይ ከማሳረፉ በፊት እፍ ይላል። ትንፋሽ የሚለካው የበሩ አሽታች አረንጓዴ ካበራ ይገባል፤ ቀይ ካበራ ግን በኋለኛው በር ዞሮ በመስታወት በተከለለችው ጠባብ ክፍል ከመሰሎቹ ጋር ይታጨቃል። ማንም አይቆጣም፣ ማንም አይሳደብም፤ ሹፌሩ እንኳ ዞር ብሎ አያይም። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶቹ ተራ በተራ መሥራት ካቆሙና ከጥርስ ሥር የጀመረ መግል ሰው መግደል ከጀመረ ወዲህ ከተማው እንዲህ መኖር ለምዷል። ሰላምታው ሳይቀር ተለውጧል፤ ሰው ከሰው ሲለያይ «ትንፋሽህ ይጥራ» ይባባላል። ሽምግልና የሚላኩ አባቶችም ስለ ሙሽራው ዘር ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ሙሽራው ትንፋሽ ይጠየቃሉ።

የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ሠራተኛው ይመር አረቡ በዚያች የመስታወት ክፍል መሳፈር ከጀመረ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ጥፋቱ የአንድ መንጋጋ ጥርስ ነው፤ ከታች በግራ በኩል ያለው። ደግሞ አያምም። ቢያመው ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ሰው ያመመውን ነገር ይረግማል፣ ይጨብጠዋል፣ ጉንጩን ይዞ ያቃስታል። ይህ ግን ዝም ብሎ ተቀምጦ ቀይ የሚያስበራ ጥርስ ነው። መስጊድ ሲሄድ ከውጭ በሸራ ጥላ ሥር ይሰግዳል፤ ሥራ ቦታም ከማቅለሚያው ገንዳ አንስተው ጓሮ፣ ጨርቅ ማስጫው ላይ መድበውታል።

ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር። የከፋው ባለቤቱ ሐዋ ቀኗ ሳይደርስ መውለዷ ነው። ልጅቱ ስትወለድ ሁለት እፍኝ አትሞላም ነበር። ወዲያው ከእናቷ ጋር ንጹሕ ቤት አስገቧት፤ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚያድጉበት፣ በሩ ላይ ከከተማው ሁሉ ጥብቅ የሆነው አሽታች የቆመበት ሕንፃ ነው። ይመር እፍ አለ፤ ቀይ። አፉን ተጉመጠመጠና እንደገና እፍ አለ፤ ቀይ። ዘበኛው በትሕትና ወደ ጎን፣ ወደ መስታወቱ መራው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁን የሚያውቃት በመስታወት ማዶ እንደተጠቀለለች ነጭ ነገር ነው።

አባት ደግሞ በአዲስ ልጁ ቀኝ ጆሮ አዛን ያደርጋል፤ ከዚያም ስም ያወጣላታል። የይመር አባት ለይመር አድርጎለታል፣ አያቱም ለአባቱ። ነርሶቹ «ቀድተህ ላክልን፣ እናሰማታለን» ብለውት ነበር። አመሰገናቸውና ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጆሮ ውስጥ በትንፋሽ የሚባል ነገር በሳጥን ተልኮ እንዴት ይሆናል? እናም ልጅቱ ስም የሌላት ሆና ቆየች፤ አልጋዋ ላይ «የሐዋ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል።

እሁድ ዕለት ሐዋ መስታወቱ ላይ ባለው የድምፅ ቀዳዳ በኩል አፏን አስጠግታ ተናገረች። ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ሰርጉዷል።

«አህመዲን ትንፋሹ ንጹሕ ነው» አለች። አህመዲን ታላቅ ወንድሟ ነው። «እሱ ይግባና አዛን ያድርግላት።»

«አባቷ እያለሁ?»

«አባቷማ ደጅ ቆሟል።»

ልጅቱ ደካማ ናት፤ አንዳንዴ ስትተኛ መተንፈስ ትረሳለች፤ ነርሶቹ እየነካኩ ያስታውሷታል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አፋቸውን ሞልተው አያወሩትም።

«ታዲያ ለምን አታስነቅለውም?» አለች ሐዋ።

«ባስነቅለው ቁስሉ እስኪደርቅ አሽታቹ ቀይ ማብራቱን አይተውም። ወራት ነው የሚፈጅብኝ። ሥሩ ከጸዳ ግን በሁለት ቀን ይጠራል። አንድ ሙከራ ቀርቶኛል፣ አብሽሪ።»

«እስከ ጁምዓ» አለችው። «ከዚያ በኋላ አህመዲን ይገባል። ወላሂ ነው የምልህ።»

ሕጉ ለአንድ ጥርስ ሦስት ጽዳት ይፈቅዳል። ከሦስተኛው በኋላም ሥሩ ካልጠራ ጥርሱ ይነቀላል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ሳይሆን ራሱ የሚያጥበውና የሚመረምረው የጥርስ ሕክምና ወንበር ነው። ይመር ሁለቱን ሙከራ ጨርሷል። እንደ ማንኛውም የከተማው ሰው ጣሪያው ላይ ባለችው ማሰሮ ጨውና ውሃ ቀላቅሎ፣ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ሲያፈላው ውሎ በረኪና ሲሆን በጠርሙስ ሞልቶ ወደ ጤና ጣቢያው ወስዷል። ወንበሩ ሁለቴ አጥቧል፤ ሁለቴም ናሙና ወስዶ ቀይ ብሏል።

ሰኞ ጠዋት የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ትርንጎ ያለፈውን ጽዳት ምስል ጣሪያው ላይ አሳዩት። ስድሳ የተጠጉ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ፣ ወንበሩን እንደ ግትር በቅሎ የሚያናግሩት ሴት ናቸው።

«ዋናው ቦይ ይኸውልህ፣ ጸድቷል» አሉ። «ጣጣው እነዚህ ናቸው።» ከዋናው ቦይ ወደ ጎን የወጡ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ቅርንጫፎች ነበሩ። «በረኪናው አፋቸው ላይ ሲደርስ ይቆማል። አልገባም ይላል። እዚያ ውስጥ የተቀመጠው ተባይ ደግሞ ይስቅብናል።»

ይመር አንጋጦ አየ። የፈሳሹ ጫፍ ከቀጭኑ ቀዳዳ አፍ ላይ ሆዱን ነፍቶ ቆሟል። ወንበሩ መንጋጋውን ከፍቶ ይዞት ስለነበር የተናገረው ነገር ለማንም አልገባም። ዶክተር ትርንጎ መያዣውን አስለቀቁለት።

«ምን አልክ?»

«ይሄንንማ አውቀዋለሁ። ጥሬ ጥጥ ነው። ሳይታጠብ ውሃ ሲያፈሱበት ተንከባሎ ነው የሚወርደው። እኛ አርጣቢ ጠብ እናደርግበታለን፤ ያን ጊዜ ግጥም አድርጎ ይጠጣል።»

«ጎሽ! እኛም ጋ አለ። ሳሙና ቢጤ ነው፤ የውሃውን ቆዳ ያላላዋል።» አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ጨዋታው እንደጣማቸው ያስታውቃል። «ድሮ ከመድኃኒት መጋዘን ከበረኪናው ጋር ተቀላቅሎ፣ ታሽጎ ይመጣልን ነበር። በምስሉ ላይ እያንዳንዷ ቅርንጫፍ ውስጥ ሲገባ ታየዋለህ፤ ደስ ሲል! በሽተኛው ግን አይድንም። ግማሹ ሐኪም አርጣቢው ግሩም ነው ይላል፣ ግማሹ ከንቱ ነው ይላል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሲከራከሩ ጡረታ ወጡ። መጋዘኑም ሰልችቶት ተወው።»

«እርስዎስ? የቱ ጋ ነዎት?»

«እኔማ ነገሩ እንደከነከነኝ አለሁ» አሉ። ከመሳቢያቸው አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። «ይሄ ለአፍ የሚሆን ንጹሕ አርጣቢ ነው። የእናንተን እንዳታመጣብኝ፣ እሱ ለጨርቅ ነው። በረኪናህ ላይ ጠብ ጠብ አድርገህ፣ ቀላቅለህ ነገ ና። ሦስተኛውን በዚህ እንሞክራለን።»

ይመር እየበረረ ነው ቤቱ የደረሰው። ደስታው ልጅ አድርጎታል፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ክፍል ሰዎች ጋር ሲታጨቅ እንኳ ኪሱን እየዳሰሰ ፈገግ ይል ነበር። ማምሻውን ማሰሮዋን ከጣሪያ አወረደ፣ በረኪናውን በጠርሙስ ሞላ፣ አርጣቢውን ጠብ ጠብ አደረገበትና ቀስ አድርጎ ነቀነቀው። ከዚያም ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሙቀት እንዲያገኝ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠው። እንዲህ ያደረገው ስላልተጠነቀቀ አይደለም፤ ስለተጠነቀቀ ነው። ማቅለሚያ ቤት ውስጥ ትናንት ያልተበጠበጠ ቀለም ዛሬ ጨርቅ አይነካም። ያላደረ ቀለም «ጥሬ ነው» ይባላል፤ በጥሬ ቀለም ጨርቅ የነከረ ሠራተኛም ለሳምንት የጓደኞቹ መሳቂያ ይሆናል። ይመር በሕይወቱ ትልቁን ሥራ በጥሬ ነገር ሊሠራ አይችልም።

ማክሰኞ ወንበሩ ጥርሱን ከፈተ። የይመርን ጠርሙስ ጠጣና ወደ ቦዩ ለቀቀው። ዶክተር ትርንጎና ይመር አብረው አንጋጠጡ። ፈሳሹ ቅርንጫፎቹ አፍ ላይ ደረሰ፤ አልቆመም። ሾልኮ ገባ። ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከቀጭኑ ወደ ባሰ ቀጭኑ፣ ይመር መኖራቸውን እንኳ ያላየው ጭራ ጭራዎች ድረስ ሁሉንም ሞላ። ደረቅ መሬት ዝናብ ሲያገኝ እንዲህ ነው። ይመር ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ዶክተሯ «እሰይ፣ እሰይ» ይላሉ።

ወንበሩ ናሙናውን ወሰደ። ቀይ።

«ሦስተኛው ሙከራ ተጠናቋል» አለ ወንበሩ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ጥርሱ ለመነቀል ተመድቧል። ለነገ ጠዋት ቀጠሮ ተይዞልዎታል። ትንፋሽዎ ይጥራ።»

የይመር ቅስም ተሰበረ። የጥርሱ ጉዳይ አልነበረም፤ አህመዲን በዚያ በር ሲገባ፣ እሱ በመስታወት ሲያይ ነው የታየው። ዶክተር ትርንጎ ግን ጣሪያውን እያዩ ቀርተዋል።

«ደርሷል» አሉ ለራሳቸው። «ሁሉም ጋ ደርሷል። ደርሶ ግን ምንም አልሠራም።» ከዚያ ድንገት ዞሩ። «መቼ ነው የቀላቀልከው?»

«ማታ።»

«የትላንት ማታ?»

«አዎ፣ እንዲያድር ብዬ። ምድጃ አጠገብ።»

ዶክተር ትርንጎ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፤ ቀላቅለህ ና አልኩህ እንጂ መቼ አላልኩህም። ይመር፣ እነዚህ ሁለት ነገሮች እኮ እርስ በርስ ሲበላሉ ነው ያደሩት! አርጣቢው በረኪናውን ሲበላው፣ ሌሊቱን ሙሉ! ጠዋት የቀረህ መንገድ የሚያውቅ ውሃ ብቻ ነው፤ ጉልበት የለውም።» ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። «መጋዘኑም! ከመጋዘን እዚህ እስኪደርስ ስንት ወር መንገድ ላይ ያድር ነበር! እኛ እኮ የሞተ ውሃ ይዘን ነው ስንከራከር የኖርነው!»

ይመር ይህ አልተዋጠለትም። ደንግጦ ነበር፣ ከፍቶት ነበር፤ ግን ማቅለሚያ ቤት ያደገ ሰው ያደረ ነገር ደከመ ሲሉት ዝም አይልም።

«ያደረ ይበረታል እንጂ እንዴት ይደክማል?» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፣ ይሄ ነገር ልክ አይደለም። ቆይ ላሳይዎት።»

የቀለም ሠራተኛ ሁሉ ለናሙና የሚሆን ክር አንጓው ላይ ይጠመጥማል። የይመር ክር ሰማያዊ ነበር፤ ካልታጠበ ጥጥ የተፈተለ፣ ላዩም ውስጡም የተቀለመ። በረኪና ሰማያዊ ክርን ነጭ እንደሚያደርግ ልብሱን ያበላሸ ሰው ሁሉ ያውቃል። ይመር ከክሩ ቆረጠና ከራሱ ጠርሙስ የተረፈውን በብርጭቆ አድርጎ ነከረው። ክሩ ወዲያው ጠጥቶ ሰመጠ። ይመር «አዩ?» አለ። ጠበቁ። ዶክተሯ መነጽራቸውን ጠረጉ። ክሩ ታች ተኝቷል፤ ሰማያዊ ነው። ጥቂት ቆይተው እንደገና አዩት፤ ሰማያዊ ነው።

ዶክተር ትርንጎ ወለል የሚወለወልበትን በረኪና ከጓዳ አምጥተው በሌላ ብርጭቆ ቀዱ። ሁለተኛው ክር ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። ቀስ በቀስ ገረጣ፤ ይመር አውጥቶ በጥፍሩ ሲፈታው ግን ውስጡ እንዳለ ሰማያዊ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጽዳቶች ታሪክ ይኸው ነበር። ከዚያ ዶክተሯ በዚያው በረኪና ላይ ከብልቃጣቸው አንድ ጠብታ ጨመሩና ሦስተኛውን ክር እንዲነክር በአገጫቸው አመለከቱት። ክሩ ሰመጠ። ይመር ጎንበስ ብሎ ሲያየው ሰማያዊው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸሸ። አውጥቶ ፈታው፤ እስከ ልቡ ነጭ ነው።

ክርክር ተሸንፎ እንዲህ ደስ ያለው ሰው ኮምቦልቻ አይታ አታውቅም። ይመር ነጩን ክር በጣቶቹ መካከል እያሸ ይስቃል፤ ዶክተሯም ይስቃሉ፤ ከውጭ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ምን እንደተፈጠረ ግራ ገብቷቸው በበሩ ብቅ ብቅ አሉ።

ዶክተር ትርንጎ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና ዓይኑ ያለበትን የወንበሩን ክንድ ይዘው ወደ መጀመሪያው ብርጭቆ አዞሩት። «ና እይ እንግዲህ። ይሄ ነው ያጠብክበት። ሰማያዊ ክር ማንጣት የማይችል በረኪና የት አገር ነው ጽዳት የሚባለው?»

ወንበሩ ብርጭቆውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ።

«ፈሳሹ ምውት ሆኖ ተገኝቷል» አለ በመጨረሻ። «ሦስተኛው ሙከራ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።»

ያን ዕለት ማምሻውን ይመር ንጹሕ ቤት ሄዶ ለሐዋ ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ጥጡ፣ ስለ ቅርንጫፎቹ፣ ስለ ሦስቱ ክሮች፣ ስለ መጋዘኑ። እጁን እያወናጨፈ፣ መስታወቱን በትንፋሹ እያደመነ ነው ያወራት። ሐዋ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ «ጁምዓ ነው ያልኩህ» አለችና ወደ ልጅቱ ተመለሰች።

ረቡዕ አዲስ የፈላውን በረኪናውን ያለ ምንም ቅልቅል ይዞ ሄደ። አርጣቢውን ዶክተር ትርንጎ ራሳቸው ጨመሩ፤ ወንበሩ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ፣ እዚያው፣ ዓይኑ እያየ። ፈሳሹ እንደ ትናንቱ ሁሉንም ቅርንጫፍ ሞላ። ዛሬ ግን ከየቅርንጫፉ ጥቃቅን አረፋ እየተነሳ መጣ፤ ውስጥ ያለውን ሲበላ ነው። ወንበሩ ናሙናውን ወሰደ። ዶክተር ትርንጎ የይመርን እጅ ጥብቅ አድርገው ይዘው ነበር፤ አረንጓዴው ሲበራም ወዲያው አልለቀቁትም።

«ይሄን ነገር ለሁሉም ጤና ጣቢያ እልካለሁ» አሉት ጥርሱን ደፍነው ሲጨርሱ። «አንተ ግን ሂድ፣ ልጅህን ሳም።»

ጁምዓ ጠዋት ይመር ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ንጹሕ ቤት ደጃፍ ቆመ። አህመዲንም መጥቷል፤ ቢያስፈልግ ብሎ ታጥቦ፣ ተዘጋጅቶ። ሁለቱም መሬት መሬት ያዩ ነበር። ይመር ወደ አሽታቹ ቀረበና እፍ አለ። ዓይኑን ጨፈነ። በሩ ከመከፈቱ በፊት የአህመዲን መዳፍ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ተሰማው፤ እንዲያ ነው አረንጓዴ መሆኑን ያወቀው።

ውስጡ ሞቃትና ጸጥ ያለ ነበር። ሐዋ ልጅቱን አቅፋ ተቀምጣለች። ይመር ተንበረከከ። ጆሮዋ ከአንድ የባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ያን ያህል ለዚህች ቅጽበት ሲደክም የነበረ ሰው እዚያ ደርሶ ለመተንፈስ ፈራ፤ ትንፋሹ ይጎዳት ይመስል ይዞት ቀረ።

«በል እንጂ» አለችው ሐዋ በሹክሹክታ።

አለ። በቀኝ ጆሮዋ አዛን፣ በግራዋ ሁለተኛውን ጥሪ ኢቃማን፣ ቃሉን ሳያጓድል። ሲጨርስ ቀና አለ። ሐዋ ታለቅሳለች።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። «በገባን በሦስተኛው ሌሊት መተንፈሷን ረስታ ነበር። ረጅም ጊዜ። ነርሶቹ እየሮጡ ሲመጡ እኔ እዚህ ጆሮዋ ላይ አዛን አደረግኩላት። የሴት አዛን ይያዝ አይያዝ አላውቅም፣ አላህ ያውቃል። ሳትሰማው ትሄድብኛለች ብዬ ነው።»

ይመር ተንበርክኮ እንዳለ አያት። ደሙ ወደ ፊቱ ሲወጣ ተሰማው፤ ቅናት ይሁን ቁጣ ለራሱም አልለየለትም።

«ለምን አልነገርሽኝም? አህመዲን ይግባ ስትይኝስ?»

«ብነግርህ ትተወው ነበራ። ደጅ እንደቆምክ ትቀር ነበር። እኔ አንተን ነው እዚህ የፈለግኩት።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ስሙን ግን አልነካሁም። ያንተ ነው። በል፣ ማን እንበላት?»

ይመር አፉን ከፈተ። ስለ አርጣቢ ያውቅ ነበር፤ ከፀጉር ስለሚቀጥን ቦይ ያውቅ ነበር፤ በረኪና ሲያድር ምን እንደሚሆን ለመላው ኮምቦልቻ ማስረዳት ይችል ነበር። በዚያ ሁሉ ሳምንት ውስጥ ግን ስለ ስም አንድ ቀን እንኳ አላሰበም። እፍረቱ ከጆሮው እስከ አንገቱ ወረደ።

«አላሰብኩበትም» አለ።

ሐዋ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች፤ ልጅቱም በሳቁ ተነቃንቃ ዓይኗን ገለጠች።

«ቆይ» አለ ይመር። እጆቹን ዘረጋ። «ስጪኝ እስኪ። መጀመሪያ ልያት።»